የኩርባው ታፔላ

በደርግ ዘመን ሸዋ ሮቢት ውስጥ ታፔላ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው የሐረገወይን ስም ነበር። የጎሚስታውን፣ የሻይ ቤቱን፣ የሆቴሎቹን፣ የገበሬ ማኅበሩን ጽሕፈት ቤት፣ በየበዓሉ ከአስፋልቱ በላይ የሚዘረጋውን መፈክር ሳይቀር የጻፈችው እሷ ናት። አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም ተሳፋሪው ቀና ብሎ የሚያነበው ሁሉ የእጇ ሥራ ነበር።

ሥራውን ያስተማራት ሰው የለም። የተወለደችው ደብረ ሲና ነው፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ባሏን አሰፋን ተከትላ ቆላ ወረደች። አሰፋ አንድ ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት ይሠራ ነበር። በ1969 ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሁለተኛው አልመጣም። ሐረገወይን ወደ ዘመዶቿ አልተመለሰችም። የቀሚስ ጥልፍ እየጠለፈች ኑሮዋን ያዘች። ንድፉን ከማንም አትቀዳም፤ ራሷ በከሰል ጨርቁ ላይ ትነድፈዋለች፣ ከዚያ በመርፌ ትከተለዋለች። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የመጣ ጊዜ ቀበሌው ፊደል በትልቁ የሚጽፍለት ሰው አጥቶ ሲቸገር «ያቺ ጥልፍ ጠላፊዋ ትሞክረው» አሉ። አቡጀዲ ላይ ጻፈችው። ኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ፣ ዓይናቸው የደከመ እናቶች ሳይቀሩ አነበቡት። ቀስ በቀስ መርፌውን ትታ ብሩሽ ያዘች።

ጎበዝ ነበረች፤ ጎበዝ መሆኗንም ታውቃለች። ለፊደሎቿ ጥላ ታበጅላቸዋለች። በታፔላው አራት ማዕዘን አበባ ትጥላለች። ክፍት ቦታ ካየች እጇ አያርፍም። «ሐረገወይን ከጻፈችው ላሜራው አይታይም» ይሏት ነበር፤ ሙገሳ ነበር እንጂ ነቀፌታ አልነበረም።

ከደብረ ሲና የሚወርደው አስፋልት ያንን ሁሉ ቁልቁለት ጨርሶ ሜዳውን ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ይመጣና ከተማው ሊገባ ሲል በትልልቅ ግራሮች መካከል ይታጠፋል። ኩርባው እንዳለቀ የገበያው መንገድ አስፋልቱን ያቋርጣል። በገበያ ቀን ግመል የሚጎትቱ የቆላ ሰዎች፣ ፈትል የተሸከሙ የአርጎባ ሴቶች፣ ሽንኩርትና ማሽላ በአህያ የጫኑ ገበሬዎች ሁሉም በዚያች አንዲት ቦታ ይሻገራሉ። ሹፌሩ ደግሞ ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ሲረግጥ የመጣ ነውና ሜዳ ሲያገኝ መኪናውን ይለቀዋል። በ1976 ማለቂያ ላይ ወደ ወሎ እህል የሚያመላልሱ የጭነት መኪኖች እየበዙ ሲሄዱ ነገሩ አስጊ ሆነ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዘውዴ ሐረገወይንን አስጠሯት። ቀጭን፣ ንግግራቸው የተለካ፣ ወረቀት ሳይዙ የማይታዩ ሰው ነበሩ። ማስጠንቀቂያ እንዲተከል መወሰኑን ነግረው፣ ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ ያጸደቀውን ጽሑፍ ሰጧት።

«ውድ አሽከርካሪዎች! የሰፊውን ሕዝብ ሕይወት መጠበቅ አብዮታዊ ግዴታ ስለሆነ ከዚህ ኩርባ ቀጥሎ የገበያ መተላለፊያ መኖሩን ተገንዝባችሁ ፍጥነታችሁን በመቀነስ እንድታሽከረክሩ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ከሥሩ የቀበሌው ስም፣ ከላዩ ደግሞ ስለ ዐሥረኛው የአብዮት በዓል አንድ መስመር ነበረው። ሐረገወይን አንዲት ቃል ሳታስቀር ሁሉንም ከተተችው። መደቡን አረንጓዴ፣ ፊደሉን ቀይ አደረገችው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ነጭ ጠርዝ አበጀችለት፤ በአራቱ ማዕዘን አደይ አበባ ጣለችበት። ሲተከል ሰው ተሰብስቦ አየው። ጓድ ዘውዴ እጇን ጨበጧት። በዚያ ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው ደረቷን ነፍታ ነበር።

ኅዳር ውስጥ በአንድ የገበያ ቀን፣ ከረፋዱ ላይ፣ እህል የጫነ መኪና ፍጥነቱን ሳያበርድ ኩርባውን ዞረ። ሷሊሕ የሚባሉ ሽማግሌ ከነበጋቸው እዚያው ቀሩ። ከኋላቸው ስትሻገር የነበረችው ፋዲላ አህያዋ ሞተችባት፤ የራሷ ቀኝ እግር ከጉልበቷ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ፋዲላ የአርጎባ ሴት ናት፤ ፈትል እያመጣች የምትሸጥ። ሐረገወይን ጥልፍ በምትጠልፍበት ዘመን ክር የምትገዛው ከእሷ ስለነበር የሰባት ስምንት ዓመት ባልንጀራዋ ነበረች።

ሐረገወይን ጤና ጣቢያ ደርሳ ፋዲላን በመድኃኒት ተኝታ ካገኘቻት በኋላ ቤቷ አልሄደችም። ዳቦና ሻይ ይዛ ሹፌሩ ወደታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ አመራች። ሹፌሩ ግርማ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ሸሚዙ ላይ የደረቀ ደም ያለበት ሰው ነበር። ዳቦውን ተቀበለ፤ አልበላውም።

«ወንድሜ፣ የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው» አለችው። «ከኩርባው በፊት ታፔላ ነበረ። አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«እና?»

«አረንጓዴ ነው፤ አበባ ነገር አለበት። የበዓል መፈክር ነው ብዬ አለፍኩት። ከአዲስ አበባ እዚህ እስክደርስ እንደሱ ያለ ስንት አልፌያለሁ!» ከዚያ ቀና አለ። «ለመሆኑ ምን ይል ነበር?»

ነገረችው። ግርማ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«ያንን የጻፈ ሰው» አለ በመጨረሻ፣ «መኪና ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም።»

«አያውቅም» አለች። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

በማግስቱ ፋዲላ ነቅታ አገኘቻት። ሐረገወይን ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረቻትና ማልቀስ ጀመረች። ፋዲላ ጣራውን እያየች ሰማቻት።

«መኪናውን የነዳሽብኝ አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ልቅሶው ይብቃሽ። አላህ ነፍሴን አትርፎልኛል፤ ሷሊሕን ግን ወስዷቸዋል። ነገም ሰው እዚያው ነው የሚሻገረው፤ ሌላ መንገድ የለንም። የሚታይ ሥሪ፣ ሐረጌ። የሚያምር አላልኩም፤ የሚታይ!»

ሐረገወይን ዓይኗን ጠርጋ ወጣች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለሆቴልም ለሻይ ቤትም ሥራ መቀበል አቆመች። ለመጣው ሁሉ መልሷ «ይቆየኝ፤ የያዝኩት ነገር አለ» ነበር።

መጀመሪያ የሄደችው ጋሼ ማሕሙድ ዘንድ ነው። ጋሼ ማሕሙድ በአሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከሮቢት ደብረ ሲና ሽንኩርት ሲያመላልሱ ጸጉራቸው የሸበተ ሹፌር ናቸው።

«ጋሼ ማሕሙድ፣ ጋቢና ውስጥ ያስቀምጡኝ። እርስዎ የሚያዩትን ማየት እፈልጋለሁ» አለቻቸው።

«የማየው መንገድ ነው እንጂ ምን አለ ብለሽ?» አሉና ሳቁ። ፊቷን ሲያዩት ግን ሳቃቸውን ዋጡት። «ነገ ጠዋት ነይ።»

በማግስቱ ከደብረ ሲና ሲመለሱ ሐረገወይን ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ነበር። ሜዳው እንደተጀመረ ዓይኗን አፍጥጣ ታፔላዋን ፈለገች። አጣችው። የት እንዳለ አሳምራ የምታውቀው እሷ ራሷ አጣችው! አረንጓዴው ከግራሮቹ ጋር አንድ ሆኖ ነበር። ዛፎቹ አጠገብ ሲደርሱ ብቅ አለ፤ ከዚያ እስኪያልፉት በልቧ ቆጠረች፤ ስድስት ድረስ። በስድስት ቆጠራ ውስጥ ያነበበችው «ውድ አሽከርካሪዎች! የሰፊውን» የሚለውን ብቻ ነው፤ ያውም ጸሐፊዋ ሆና።

«ጋሼ፣ ይመልሱልኝ» አለች።

መለሱላት። በዚያ ሳምንት አራት ጊዜ ወጣች፣ አራት ጊዜ ወረደች። አመሻሽ ላይ ቀዩ ፊደል ጥቁር፣ አረንጓዴውም ጥቁር ይሆናል። ቀትር ላይ አስፋልቱ ሲንቀለቀል ቀጫጭን መስመር ሁሉ ይቀልጣል። የደከመችባቸው ጥላዎች አንዱን ፊደል ከሌላው እያጣበቁ ጽሑፉን አበባ የታተመበት ጨርቅ አስመስለውታል። ጋሼ ማሕሙድ መሪያቸውን እንደያዙ እንዲህ አሏት፦

«ስሚኝማ ልጄ። ሹፌር ታፔላ አያነብም፤ የሚያነበው መንገድ ነው። ታፔላሽ ራሱ መጥቶ ዓይኔ ውስጥ ካልገባ፣ እኔ ሄጄ አልፈልገውም። ደሞ ካየሁት በኋላ ሙሉ ጭነት ይዤ ፍጥነቴን ለማብረድ ሁለት መቶ እርምጃ ያስፈልገኛል። እዚያ ኩርባው አፍ ላይ የተከላችሁት ለኔ ሳይሆን ለሬሳ ነው።»

ቃሉ ከበዳት፤ ግን ያዘችው።

ሐረገወይን ጥልፍ ስትጠልፍ አንድ ልማድ ነበራት። ሥራው ሲያልቅ ቀሚሱን በር ላይ ትሰቅልና ከግቢው ማዶ ሄዳ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታየዋለች። ዓይን ሲጨፈን ትንንሹ ነገር ሁሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው ከሩቅ ሰው የሚያየው ነው። ወደ ታፔላ ከዞረች ወዲህ ይህንን ትታው ነበር። ብሩሽ ይዞ ላሜራው ላይ ተደፍቶ መዋል ሥራውን ከቅርብ ብቻ እንድታየው አድርጓታል።

አሁን ከሱቆች ካርቶን ለቅማ ቀለም ቀባችው። ቀይ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ በነጭ፣ ነጭ በቀይ፣ ጥቁር በቢጫ። ከከተማው ወጣ ብላ ግራር ላይ እየሰቀለች ወደ ኋላ ትራመዳለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እርምጃዋን ትቆጥራለች። ገበያ የሚሄዱትን እያስቆመች «የትኛው ነው ቀድሞ የሚታይሽ?» ትላለች። አንዳንዶቹ ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቶባታል እያሉ አዘኑላት። ቀይና አረንጓዴ ለቅርብ ዓይን ጠበኞች ናቸው፤ ከሩቅ ግን ድምቀታቸው እኩል ስለሆነ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ነጩ መደብ ቀትር ላይ ያጥበረብራል። ቢጫና ጥቁር ግን ማለዳም፣ ቀትርም፣ አቧራ ውስጥም ይለያያሉ። ቢጫው ደግሞ ከግራሩም ከሰማዩም ጋር አይመሳሰልም።

ጽሑፉን ቆረጠችው። መጀመሪያ ዐሥር ቃል አደረገችው፤ ጋሼ ማሕሙድ አምስቱን አነበቡ። አምስት አደረገችው፤ ሦስቱን አነበቡ። በመጨረሻ አንዲት ቃል አስቀረች፦ «ቀስ!»። ሁለት ፊደል ናት። ጋሼ ማሕሙድ ገና ከሩቅ እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሡ።

«ይቺ ገባችኝ» አሉ። «ግን ለምን ቀስ እንደምል ብታሳዪኝ ይበልጥ እሰማሽ ነበር። አማርኛ የማያነብም ሹፌር አለ።»

ስለዚህ ሥዕል አስፈለገ። ሐረገወይን ግመል የምትጎትት ሴት ሣለች። ሴቲቱ ከግመሉ አንገት ሥር ተጠግታለች፤ ግመሉ ጭነት አለው። ከቅርብ ሲያዩት ያምር ነበር። ግራሩ ላይ ሰቅላው ጋሼ ማሕሙድ ገና ከሩቅ ሲያዩት ፍሬናቸውን ይዘው ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ይሄ ምን አውሬ ነው? ወላሂ ሁለት አንገት፣ ስድስት እግር! ሹፌሩ ቀስ አይልም፤ ዞሮ ይሸሻል እንጂ!»

እሷም ወርዳ አየችው። እውነታቸውን ነው። ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር ተጣብቆ ሴቲቱና ግመሉ አንድ እንስሳ ሆነዋል። በዚያ ቀን ቤቷ ገብታ ሴቲቱን ለብቻ፣ ግመሉን ለብቻ ከጥቁር ጨርቅ ቆረጠቻቸው። ቢጫው ካርቶን ላይ አስቀምጣ አራራቀቻቸው፣ አቀራረበቻቸው። በጣም ሲራራቁ ሴቲቱ ሌላ ጉዳይ፣ ግመሉ ሌላ ጉዳይ ያላቸው ይመስላሉ። በጣም ሲጠጋጉ ያው አውሬ ነው። በመካከላቸው አንድ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ሲቀር ግን ሁለት ሆነው አብረው ይሄዳሉ። ያ ባዶ ቦታ ከሁለቱ ሥዕሎች እኩል እንደሚሠራ ሲገባት፣ ከዚያ በፊት በአበባ የሞላቻቸው ታፔላዎች ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አሏት፤ አፈረች። ግን አልቆመችም።

በዚህ መሐል ፋዲላ እግሯ በጄሶ ታስሮ ከጤና ጣቢያ ወጥታ ሐረገወይን ቤት አርፋ ነበር። በር ላይ በርጩማ ተሰጥቷት ተቀምጣ ካርቶኑን አየችው።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለች።

«ገበያ ነዋ!»

«ታፔላው የሚቆመው ከአስፋልቱ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ።»

«ታዲያ እነዚህ ከአስፋልቱ ሸሽተው ጫካ እየገቡ እኮ ነው። ሹፌሩ ሄዱልኝ ብሎ ይነዳል። እኛ እኮ ወደሱ ነው የምንመጣው፣ ሐረጌ። ፊታቸውን መልሺያቸው።»

ሐረገወይን ጨርቆቹን ገለበጠቻቸው። ሴቲቱ አሁን ወደ መንገዱ ታመራለች። ካርቶኑ መሐል ላይ አድርጋ ስታያቸው ግን የቆሙ መሰሉ። ወደ ኋላቸው ገፋ አድርጋ ከፊታቸው ሰፊ ቢጫ ቦታ ስትተውላቸው እግራቸው ተነሣ። የሚረግጡት መሬት አገኙ።

«አሁን ሊሻገሩ ነው» አለች ፋዲላ፣ የተሰበረ እግሯን በእጇ እንደያዘች።

ጓድ ዘውዴ ንድፉን ያዩት ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ወረቀቱን ወዲህ ወዲያ አዟዟሩት።

«ጓድ ሐረገወይን፣ ይህ ያላለቀ ሥራ ነው።»

«አልቋል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ግማሹ ባዶ ነው። አብዮታዊ ግዴታ የሚለውስ? የቀበሌው ስምስ? ኮሚቴው ያጸደቀውን ጽሑፍ ማን አወጣው?»

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁለት የኮሚቴ አባላት አቀረቀሩ። በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ከዚህ ባነሰ ነገር ታስሮ የከረመ ሰው ሐረገወይን በስም ታውቃለች።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለች። «የቀድሞውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሷሊሕ ሲሞቱ ታፔላው ቆሞ ያይ ነበር፤ እሱን ግን ማንም አላየውም። ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። በጋሼ ማሕሙድ መኪና አንድ ጊዜ ይለፉበትና ከዚያ ያሉትን እሠራለሁ።»

በሷሊሕ ሞት የተነሣ ጓድ ዘውዴ ከአውራጃ ሁለት ጊዜ ማብራሪያ ተጠይቀው ነበር። «ቅዳሜ ጠዋት» አሉ።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ሐረገወይን ኩርባው ዘንድ ሄደች። አሮጌው ታፔላ ላይ ልክ በመጠኑ የተቆረጠ ካርቶን መታችበት። መደቡ ያው አረንጓዴ፣ ፊደሉ ያው ቀይ፣ ነጭ ጠርዙም፣ አራቱ አበቦችም ያው። ጽሑፉ ግን ሌላ ነበር። አዲሱን ቢጫ ታፔላ ደግሞ ከዚያ ሁለት መቶ ሃምሳ እርምጃ ቀደም ብላ በእንጨት ደግፋ አቆመችው። ከዚያ ግራር ሥር ተቀምጣ ጠበቀች።

ኤንትሬው እያጓራ መጣ። ቢጫውን አለፈ፤ አረንጓዴውን አለፈ፤ ኩርባው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ጋሼ ማሕሙድ በመስኮቱ ብቅ ብለው ጠሯት። ጓድ ዘውዴ ጋቢናው ውስጥ ረጋ ብለው ተቀምጠዋል።

«አንብቤዋለሁ» አሉ። «እንዲያውም እስከ መጨረሻው። ውድ አሽከርካሪዎች፣ የሰፊውን ሕዝብ ሕይወት መጠበቅ አብዮታዊ ግዴታ ስለሆነ…» ሁሉንም በቃላቸው ወረዱት።

«ቢጫውስ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«እሱማ ቀስ ይላል። ሴትና ግመል።»

«እንግዲያው ይውረዱና አረንጓዴውን በእግርዎ ይዩልኝ።»

ወረዱ። ጋሼ ማሕሙድም ተከተሉ። ጓድ ዘውዴ ካርቶኑ ፊት ቆመው መነጽራቸውን አደረጉ። እንዲህ የሚል ነበር፦

«ጓድ ሊቀመንበር! ከመኪናው ሳይወርዱ ይህንን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብበው ከጨረሱ እኔ ሐረገወይን ተሸንፌአለሁና አሮጌው ታፔላ እንደነበረ ይቀጥል፤ ካልጨረሱ ግን ሌላውም መንገደኛ አይጨርሰውምና አዲሱ እንዲተከል በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበቡት። አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ በአጠገባቸው አለፈ፤ አልዞሩም። ጋሼ ማሕሙድ ጎማቸውን በእግራቸው እየመቱ ሌላ ነገር የሚመረምሩ መሰሉ።

ጓድ ዘውዴ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። «ያየሁት የማውቀውን ነው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ከዚያ ወደሷ ዞሩ። «ፊደሉ ቆንጆ ነው። አልጨረስኩትም።»

«መፈክሩን አላጠፋውም» አለች ሐረገወይን ፈጠን ብላ። «ገበያው መግቢያ ላይ፣ ሰው ቆሞ በሚውልበት በትልቁ እጽፈዋለሁ። እዚያ ለማንበብ ጊዜ አለው። የቀበሌውን ስም ደግሞ ከቢጫው ጀርባ አደርገዋለሁ።»

«ከጀርባ?»

«ከከተማ የሚወጣው ያነበዋል።»

ጓድ ዘውዴ ትንሽ አመነቱ። «ለኮሚቴው እኔ አስረዳለሁ» አሉ። «ካርቶኑን ግን ዛሬውኑ አንሺው። ሌላ ሰው እንዳያየው።»

ቢጫው ታፔላ ጥር ውስጥ በብረት ቱቦ ላይ ተበይዶ ተተከለ። ሐረገወይንና ፋዲላ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ግራር ሥር ተቀምጠው ዋሉ። መኪናው ገና ሳይታይ በጆሯቸው ይለዩት ጀመር፤ ታፔላው ዘንድ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ሹፌሩ እግሩን አነሣ ማለት ነው። አብዛኛው አነሣ። ሁለት መኪና ግን እንደመጣ አለፈ። ሐረገወይን «ደህና ነው» ብላ አልተወችውም። ከጋሼ ማሕሙድ ጋር ወጥታ ብትወርድ፣ ከፍ ባለ ጋቢና ለተቀመጠ ሹፌር አንድ የግራር ቅርንጫፍ የግመሉን ራስ ይሸፍንበታል። መጥረቢያ ተውሳ ራሷ ወጥታ ቆረጠችው።

ግርማ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሐረገወይን ሳትጠራ ሄዳ መሰከረች። የቀድሞው ታፔላ የማይነበብ እንደነበረ፣ የጻፈችውም እሷ እንደሆነች ለዳኛው ተናገረች። ምን ያህል እንደጠቀመው አይታወቅም፤ አንድ ዓመት ተፈረደበት። የሷሊሕ ልጆች ለሁለት ዓመት ያህል አላነጋገሯትም። ኋላ ታናሽየው ልጃቸው በዚያው መተላለፊያ በግ ሲነዳ አግኝቷት ሰላም አላት፤ ሌላ ነገር አላነሡም። ፋዲላ እግሯ ትንሽ አጥሮ ዳነ፤ ፈትሏን ከመሸጥ አልቦዘነችም። በኩርባው አደጋ ፈጽሞ አልቀረም። በ1979 አንድ ሰካራም ሹፌር አህያ ገጨ። ሰው ግን ሐረገወይን እዚያ ከተማ እስከኖረች ድረስ በገበያ ቀን በዚያ ቦታ አልሞተም።

የሆቴል ሥራዋን ስትቀጥል ደንበኞቿ ተቸገሩ። «አበባውስ?» ይሏታል። «ፊደሉ ከሩቅ ይታያል፤ ክፍቱ ቦታ የተተወው ለዚያ ነው» ትላለች። አንዳንዱ ተቀየማት፣ ሌላ ጸሐፊ ፈለገ። አንዳንዱ አዲሱ ታፔላዋ ያለበት ሆቴል የሚቆመውን የተሳፋሪ ብዛት አይቶ ተመልሶ መጣ።

በ1980 ከካራቆሬ ሰዎች ላኩባት። እነሱም መንገድ ዳር ትምህርት ቤት አላቸው፤ ማስጠንቀቂያ እንድትጽፍላቸው ፈለጉ። ላሜራውን አዘጋጅተው፣ ቀለሙን ገዝተው፣ የሚጻፈውንም በሙሉ ገጽ አስተይበው ነበር የጠበቋት። ሐረገወይን ወረቀቱን አጣጥፋ ከረጢቷ ውስጥ ከተተችው።

«መጀመሪያ በዚያ በኩል በመኪና አሳልፉኝ» አለች።

«ከየት እናምጣ? ቦታው ይኸው፣ በእግር ይታያል እኮ» አሏት።

«በእግር የሚሄድ ሰው ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም።»

ተያዩ። ቀለሙ ይደርቃል፣ ቀኑ ይመሻል አሏት። ሐረገወይን በርጩማ ስባ ጥላ ያለበት ቦታ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቀች። ከቀትር በኋላ ከከሚሴ የሚመጣ የጭነት መኪና ተገኘ፤ ሹፌሩም እሺ አለ። ጋቢናው ላይ ወጥታ በሩን ዘጋችና፣ ዓይኗን መንገዱ ላይ አድርጋ፣ «እንደወትሮህ ንዳ፤ ስለኔ አትጨነቅ» አለችው።